የማን ልጅ ነው?

ወሬው እንዲህ ነበር። ጠመኔ የፈተናውን መልስ ሹሩባ ተሠርታ ገባች። ባሏ ፀጉር አስተካካይ አይደል? እሱ ነው ቁጭ አድርጎ የሠራላት። ወደ ቀኝ የተጎነጎነው «ሀ»፣ ወደ ግራ የተጎነጎነው «ለ»፣ ወፈር ያለው «ሐ»፣ ቀጠን ያለው «መ»። እሷ ታዲያ ራሷን የምታክክ መስላ በጣቷ እየዳበሰች ስታነብ ስታነብ፣ ስልሳኛው ጥያቄ ላይ፣ ልክ ማጅራቷ ጋ ስትደርስ፣ ፈታኙ እጇን አፈፍ አደረጋት።

ወሬው ዳቦ ቤቱ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች ተጨመሩበት። ከዳቦ ቤቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሲሻገር ደግሞ ፀጉሯ ለማስረጃ ተላጭቶ በፖስታ ታሽጎ ነበር። ወሬ እግሩ ቀጭን ቢሆንም ሸክም አይከብደውም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የጠመኔ ፀጉር እንኳን ሹሩባ ማበጠሪያም በወጉ አይዝም፤ አስተማሪ ከሆነች ጀምሮ አጭር ነው የምትቆረጠው። ባሏም የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ነው። የጫማውን ማሰሪያ አስተካክሎ የማያስር ሰው ጉንጉን ከየት ያመጣል? ፈተና ላይ መያዟ ግን እውነት ነው። እዚህ ላይ ወሬው አልዋሸም። የተያዘችበትን ምክንያት ነው ገልብጦ የያዘው፤ ያንን ለማቃናት ደግሞ ከመጋረጃው መጀመር ያስፈልጋል።

ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ፣ በመንገዱ በኩል፣ የባልየው ሱቅ፦ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው፣ ምድጃው፣ እና አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈች ጠረጴዛ። ጠመኔ የምታጠናው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠመኔ ያላት ሰፈሩ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ጣቶቿ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደነጡ ናቸው። ተማሪዎቿ ቲቸር ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ሦስተኛ ክፍል «ለ»ን ብቻ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስተኛ ክፍል የደገመ ሰው» ይላል ባሏ፣ ደንበኞቹን በመስታወቱ እየጠቀሰ፣ «ፈተና እንዴት ብሎ ያልፋል?»

ደንበኞቹ ይስቃሉ። መጋረጃው አይስቅም።

መመሪያው የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። የቱንም ያህል ያገለገለ መምህር አገር አቀፉን የብቃት ምዘና ካላለፈ የሙያ ፈቃድ አያገኝም። ፈቃድ የሌለው ክፍል አይገባም። ማለፊያው ሰባ ነው፤ መፈተን የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ። ጠመኔ የመጀመሪያውን ስልሳ አራት አመጣች። ለሁለተኛው ስድስት ወር አጥንታ ስልሳ አንድ አመጣች። «እያጠናሽ ነው ወይስ እየረሳሽ?» አላት ባሏ፤ ያን ቀን ግን ደንበኞቹን በመስታወቱ አልጠቀሰም። የቀረው ሦስተኛው ነበር። እሱንም የወደቀ መምህር «ወደ ሌላ የሥራ መደብ ይዛወራል» ይላል መመሪያው።

የሌላ የሥራ መደብ ትርጉም ምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤቱን ንብረት ክፍል ማየት ይበቃል። እዚያ የቀድሞው የጂኦግራፊ መምህር ተቀምጧል። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሉ የሚጠራ ሰው ነበር፤ ሦስቴ ወድቆ አሁን መጥረጊያና ላጲስ ያድላል። ጠመኔ ሰኞ ሰኞ ለሰሌዳዋ የሚሆን ሞክሼዋን ልትወስድ ትሄዳለች። ፈተናው አሥራ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካርቶኑን ከፍቶ እየቆጠረላት ቀና ብሎ አያት።

«አትፍሪ» አላት። «ወንበሩ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ልጅ የሚባል አይረብሽሽም።»

ሊያጽናናት ነው። እሷ ግን ያን ማታ ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨምራ ግማሹን ጠጣችው፤ ባሏ ቀምሶ እስኪተፋ ድረስ አላወቀችውም።

ጠመኔ የምትወድቀው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የምትወድቀው መቶውን ጥያቄ ሳትጨርስ ሰዓቱ ስለሚያልቅባት ነው። ሰዓቱ የሚያልቅባት ደግሞ በገዛ ራሷ ጥያቄ ነው። ይህንን መጀመሪያ የደረሰበት ባሏ ነው፤ የመለማመጃ መጽሐፉን መስታወቱ ሥር፣ የፓውደር ጣሳው ላይ አስደግፎ፣ የሰው ጢም እየላጨ ሊጠይቃት የተነሳ ቀን። ወንበሩ ላይ የነበረው ጡረተኛው ሹፌር ነው፤ ፀጉሩ ባያድግም ለወሬ ሲል በየሁለት ቀኑ የሚላጭ ሽማግሌ።

«ጥያቄ ሃያ ሁለት» አለ ባልየው፣ የጡረተኛውን አገጭ በአረፋ እየለወሰ። «አንድ ተማሪ በተደጋጋሚ አርፍዶ ቢመጣ መምህሩ በቅድሚያ ምን ማድረግ ይኖርበታል? ሀ…»

«የማን ልጅ ነው?» አለች ከመጋረጃው ኋላ።

«ምን?»

«የሚያረፍደው ልጅ። የማን ልጅ ነው?»

«እኔ በምን አውቄ! አንድ ተማሪ ነው የሚለው። አንድ ተማሪ፣ በቃ።»

«ቤቱ ሩቅ ነው? ወይስ ታናሹን አድርሶ ነው የሚመጣው? እንቅልፋም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ልጁ እኮ ነው።»

«አንቺ ሴት! ይሄ ልጅ እናት የለው፣ አባት የለው፣ ቤት የለው! ወረቀት ላይ የተወለደ ልጅ ነው!»

«ምስኪን» አለ ጡረተኛው ከአረፋው ውስጥ። «ወላጅ ከሌለውማ ማን ይቀሰቅሰዋል? ቢያረፍድ ምን ይፈረድበታል?»

«ጋሼ፣ አይናገሩ፤ ምላጭ ይዣለሁ።»

መልሱ «ሐ» ነበር፦ የክፍሉን ደንብ ለሁሉም ተማሪዎች በድጋሚ ማስታወስ። እሷ ከአራቱ አንዱንም ሳትመርጥ፣ ያረፈደውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሸኝታ ስትመለስ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

የዚህን በሽታ መድኃኒት ያመጣላት ዘጠና ስድስት ነው። ዘጠና ስድስት ወጣቱ የሒሳብ መምህር ነው። በመጀመሪያ ሙከራው ዘጠና ስድስት ስላገኘና ይህንንም ስሙን ለጠየቀው ሁሉ ስለሚናገር ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ጉረኛ ነው እንጂ። ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ።

«እትዬ፣ ልጅ የለም» አላት።

«የት?»

«ፈተናው ውስጥ። አንድም ልጅ የለም። ያለው መጽሐፉ ነው፣ እርስዎ ነዎት፣ ሰዓቱ ነው። ጥያቄውን ሲያነቡ ‹ልጅ የለም› ይበሉና መጽሐፉ ያለውን ያጥቁሩ።»

«ልጅ ከሌለ እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ያልፋሉ» አለ ዘጠና ስድስት፣ ወደ ወንበሩ እየተመለሰ። «እኔ ዘጠና ስድስት ሳመጣ…»

«እናውቃለን» አሉ ባልየው፣ ጡረተኛውና መጋረጃው በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ፋብሪካ ሆነ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ነው፤ ባሏ አንድ ራስ አስተካክሎ የሚጨርሰው በሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ መቶ ጥያቄ ማለት ስድስት ራስ ማለት ነው። አንድ ራስ፣ አሥራ ሰባት ጥያቄ። ባልየው መቀሱን ሲያነሳ «ጀምሪ!» ይላል፤ ፎጣውን ሲያራግፍ «አቁሚ!»። ደንበኛውም ነገሩ ስለገባው ቶሎ ቶሎ እንዲያልቅለት አይቸኩልም፤ እንዲያውም «አሥራ አምስተኛው ላይ ናት፣ ጎኑን ድገምልኝ» የሚልላት ተገኝቷል። አንድ ቀን ራሰ በራ ደንበኛ ገብቶ በስድስት ደቂቃ ሲወጣ ብቻ ሂሳቡ ተበላሸ።

መጀመሪያ በአንድ ራስ ዘጠኝ ጥያቄ ሠራች። በአምስተኛው ሳምንት አሥራ ሦስት። በስምንተኛው አሥራ ስድስት። ከመጋረጃው ጀርባ እርሳሷ ወረቀቱን ሲያጠቁር ይሰማል፤ በየመሃሉ ደግሞ ለራሷ ስታንሾካሹክ። ልጅ የለም። ልጅ የለም። እርሳሶቿን ደግሞ በጭንቀቷ ስትቀርጽ ስትቀርጽ፣ በሳምንቱ መጀመሪያ የተገዙት ስድስት እርሳሶች በሳምንቱ መጨረሻ የጣት ቁመት አልቀራቸውም። ጡረተኛው ማስጠንቀቂያ መስጠት ልማዱ ነውና፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ» ይላታል። ባሏ «ጋሼ፣ እባክዎ ለሷ አይተርቱላት፤ ‹ማን ነው የሚሮጠው› ብላ ሌላ ሩብ ሰዓት ልታቃጥል ነው» ይላል።

ታዲያ ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት፣ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ቀን እየጻፈች ሳለ የክፍሉ በር ተንኳኳ። ዘወር አላለችም። «የክፍሉን ደንብ አንብበህ ቁጭ በል» አለች፤ የመጽሐፉ «ሐ» ነው ከአፏ የወጣው። ከሰሌዳው ጎን የተለጠፈውን ደንብ የምታነብ የትንሽ ልጅ ድምፅ ከኋላዋ መጣ። አንደኛ፣ በሰዓቱ እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ንጽሕናዬን እጠብቃለሁ። ድምፁ ሁለተኛው ላይ ተቆረጠ። ጠመኔ ስትዞር ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች፤ ወድቃ ነው የመጣችው፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ጠመኔ ልጅቷን አጠበቻት፣ ጫማዋን አሠረችላት፣ ቦታዋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ቀኑን ጽፋ ልትጨርስ ወደ ሰሌዳው ስትመለስ የተለጠፈው ደንብ ፊት ቆም አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ሲንኳኳ ሳትዞር ቀርታ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ መጋረጃውን አልፋ ጠረጴዛዋ ጋ አልሄደችም፤ የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆነሽ?» አለ ባሏ።

«ለምጄዋለሁ» አለች።

«ጥሩ ነዋ!»

«ፈተናው ካለፈ በኋላ ይለቀኛል ትላለህ?»

ባልየው መቀሱን ይዞ ቆመ። «አሥራ ስድስት ደርሰሽ የለ? አንድ ብቻ ነው የቀረሽ» ብሎ ወደ ደንበኛው ራስ ተመለሰ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናው የሚሰጠው በሌላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ለልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አርባ አምስት፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ጉልበቱን አጥፎ ተደርድሯል። ጠመኔ መታወቂያዋን ሦስት ጊዜ፣ የመፈተኛ ቁጥሯን አምስት ጊዜ አየች። ፈታኙ ጫማው ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነበር። መመሪያውን አነበበ፦ መነጋገር፣ መጠቋቆም፣ ወረቀት መለዋወጥ ክልክል ነው። ጀምሩ።

ልጅ የለም፣ አለች ጠመኔ በልቧ፣ እርሳሷንም አነሳች።

የመጀመሪያው ራስ፣ አሥራ ሰባት። ሁለተኛው ራስ፣ ሠላሳ አምስት። ዐይኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ፣ ጆሮዋ የባሏን መቀስ እየሰማ ሄደች። አንድ ተማሪ ቢያለቅስ። «ለ»። አንድ ተማሪ ምሳውን ባያመጣ። ምሳውን ያላመጣው ልጅ ላይ እርሳሷ ቆም አለ፤ ማን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ስሙ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችውና «መ»ን አጠቆረች። መቶኛውን ስትጨርስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው። አንድም ባዶ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። ወረቀቷን ይዛ ተነሳች።

የሆነው ነገር የሆነው እዚያ ላይ ነው፤ ከዴስኳ እስከ ፈታኙ ጠረጴዛ ባለው መንገድ ላይ።

መምህር በፈተና ሰዓት በዴስኮች መሃል ሲሄድ ዐይኑ አርፎ አይሄድም። ጠመኔም እንደዚያ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በልጆች ትከሻ ላይ አጎንብሳ አልፋለች፤ እግሯ ሲራመድ ዐይኗ ያነባል። ከፊቷ ሁለት ዴስክ አለፍ ብሎ ካፖርት የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ነበር። የጥያቄ ወረቀቱ ዘጠና ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ተከፍቷል። እርሳሱ ግን የመልስ ወረቀቱ ላይ ዘጠና ሰባተኛውን ክብ እያጠቆረ ነው። ዐይኗ ወደ ላይ ሮጠ፤ ሠላሳ አንደኛው መስመር እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ወርዷል። የመልስ ወረቀቱ ደግሞ እስከ መቶ ሃያ የሚደርስ መስመር ስላለው ሰውየው መቶን ሲጨርስ እንኳ አይነቃም።

አላሰበችም። አስባ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር። እጇ ነው የወረደው፤ በጣቷ አንጓ ዴስኩን ሁለቴ ኳ ኳ አድርጋ፣ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

«መስመርህን እይ» አለች፣ በሦስተኛ «ለ» ድምፅ። «ከዚህ ጀምሮ ወርደሃል።»

«እሺ ቲቸር» አለ ባለ ካፖርቱ፣ ቀና ሳይል፣ እንደ ልጅ።

አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ከዚያም ሲጥ ሲጥ የሚለው ጫማ መጣ።

«እርስዎ! ምንድን ነው የነገሩት?»

ጠመኔ ያን ጊዜ ነው የነቃችው። ፈታኙ ወረቀቷን ከእጇ ወሰደው፤ ቁጥሯን ጻፈ፤ የሰውየውንም ወረቀት በመዳፉ ሸፍኖ ረዳቱን ጠራ። ሰዓቱ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶታል ይላል። ስልሳ ስድስት ክብ አጥፍቶ እንደገና ለማጥቆር ዘጠኝ ደቂቃ አይበቃም፤ እጅ ከተሸፈነበት ደግሞ ጭራሽ። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ የፈታኙ መዳፍ ገና ከሰውየው ወረቀት ላይ አልተነሳም ነበር።

«መልስ ነገርሽው?» አላት ባሏ ማታ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ገርጥቶ።

«መልስ አልነገርኩትም። መስመር ነው።»

«ዝም ብለሽ አታልፊም ነበር?»

«እጄ ነው።»

«እጅሽ!» አለ። ከዚያ እጇን አየው። በማግስቱ ደግሞ ወሬው ሹሩባውን ይዞ መጣ። ባልየው ሊጣላ ቃጥቶት ነበር፤ እሷ ተወው አለችው። የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፖስታ ቤት ሠራተኛ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ከመጋረጃው ብቅ ትላለች። ክፍሏ ገብታ ስም ስትጠራ «ነገ የሚጠራው ሌላ ቢሆንስ» እያለች ሁለቴ የጠራችው ስም አለ። ዘጠና ስድስት ምክር ይዞ መጣ፦ «እትዬ፣ አደናቀፈኝ ይበሉ። ዴስኩን የያዝኩት ልወድቅ ስል ነው ይበሉ።» ጡረተኛውም ሌላ አመጣ፦ ሰውየው ጠየቀኝ በይ፣ ልጄ። እሷ ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች፤ እሺታዋ ይሁን እምቢታዋ ግን አልታወቀም።

ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጠባብ ቢሮ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ጠረጴዛው ላይ ማኅደርና ፔርሙዝ። መሃል የተቀመጠችው ሰብሳቢ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የፈታኙን ሪፖርት አነበበች።

«ለተፈታኙ መልስ ሰጥተዋል?»

«አልሰጠሁም።»

«አነጋግረዋል?»

«አዎ።»

በስተቀኝ ያለው ሰውዬ እስክሪብቶውን አቆመ። ክርክር ጠብቆ ነበር።

«ደንቡን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። እኔም ለልጆቼ በየፈተናው የማነበው እሱኑ ነው።»

«ተፈታኙን ያውቁታል? ዘመድዎ ነው?»

«አላውቀውም። መስመር ስቶ ነበር።»

«እሱም ይህንኑ ብሏል» አለች ሰብሳቢዋ፣ አንዱን ወረቀት ገልብጣ። «አላውቃትም፣ መምህሬ መሰለችኝ ብሏል።» በስተግራ ያለው ሰው በሳል ሳቁን ሸፈነ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። ሌላ ወረቀት አወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ውጤትዎ ሰማንያ ሦስት ነው። አልፈዋል።»

ጠመኔ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ነገር ግን የፈተና ደንብ ጥሰዋል። ውጤቱ አይሰረዝም። የሙያ ፈቃድዎ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ እስከዚያ ክፍል አይገቡም፣ በሌላ የሥራ መደብ ይቆያሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሳይፈተኑ ይመለሳሉ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

አንድ ዓመት። ሰባት ልጆች ገና ፊደል ይምታታባቸዋል፤ በዓመቱ አራተኛ ይገባሉ፣ ሳይለዩ። ሰባቱንም በስም አሰበቻቸው። እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ወረቀቱን በግራዋ ጫን ብላ ፈረመች። በስተቀኝ ያለው ሰውዬ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። በስተግራ ያለው ተነስቶ ፔርሙዙን አነሳ። ሰብሳቢዋ ማኅደሩን በክር ማሰር ጀመረች።

ጠመኔ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ያ ባለ ካፖርቱ ሰውዬስ?» አለች። «ሰዓቱ ሳያልቅበት አስተካከለው?»

ሰብሳቢዋ ክሩን ሁለት ጊዜ አዙራ ቋጠረችው።